ሁለት ስም ያለው የአሽቀሎን ሰው

ሚግዳል ሹክ ውስጥ ቆማችሁ እናቶቻችንን ስማቸውን ብትጠይቁ፣ አንዳንዶቹ መልሰው «የትኛውን?» ይሏችኋል። የእኔም እናት እንደዚያው ናት። አንዱ ስሟ የቤት ነው፤ አያቴ ጎንደር ያወጣችላት። ሌላው ቴዑዳት ዘሁት ላይ ያለው ነው፤ ይህን ያወጣላት ደግሞ የመጀመሪያውን መጥራት ያቃተው አንድ ጸሐፊ ነው። ባንክ ስትሄድ በአንዱ ትጠራለች፣ ለቅሶ ስትሄድ በሌላው። ሰፈራችንም ከሷ አትሻልም፦ አል-መጅደል የነበረችው ከ1948 በኋላ ሚግዳል ጋድ፣ ከዚያ ሚግዳል አሽቀሎን እየተባለች ዛሬ የአንድ ትልቅ ከተማ ሰፈር ሆናለች።

ለማስተር ጥናቴ ስለ ጥንቷ አቴንስ ሳነብ፣ እንደ እናቴ ሁለት ስም ያለው የአሽቀሎን ሰው አጋጠመኝ። ከሞተ ወደ 2,300 ዓመት ይሆነዋል። የመቃብር ድንጋዩ የተገኘው አቴንስ ውስጥ ኬራሜይኮስ በሚባለው የመቃብር ሰፈር ነው፤ አሁን እዚያው አቴንስ በብሔራዊው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛል። ድንጋዩ ላይ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። በግሪክኛው «አንቲጳጥሮስ የአፍሮዲሲዮስ ልጅ፣ አሽቀሎናዊ» ይላል። በፊንቄኛው ደግሞ «ሼም የዓብድአሽታርት ልጅ፣ አሽቀሎናዊ»።

እናንተ ዕብራይስጥ ታውቃላችሁ፤ ፊንቄኛውን ጮክ ብሎ የሚያነብላችሁ ሰው ብታገኙ ግማሹን ያለ አስተርጓሚ ትሰሙታላችሁ። «ቤን» ያው ቤን ነው፤ «ሼም» ያው ስም ማለት ነው። የአባትየውን ስም ተመልከቱ። ዓብድአሽታርት «የአሽታርት አገልጋይ» ማለት ነው። ግሪኮች አሽታርትን አፍሮዲቴ ይሏት ስለነበር፣ የአባትየው ስም በትርጉም ወደ ግሪክኛ ተሻገረ። የልጁ ግን አልተተረጎመም፤ ሼም እና አንቲጳጥሮስ በትርጉም አይገናኙም። ዝም ብሎ ሌላ ስም ነው። አንቲጳጥሮስ በመቄዶንያ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ስም ነበር፤ በዚያው ዘመን ከነበሩት ኃያላን አንዱ ይጠራበታል፤ እሱን በኋላ እናገኘዋለን።

ከጽሑፉ በታች ሥዕል ተቀርጿል። አንድ ሰው አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ በራስጌው አንበሳ ሊበላው ቆሟል፤ በሌላው በኩል የመርከብ አፍንጫ ይታያል፤ አንበሳውን የሚከለክል ሰውም አለ። ሥር ያለው የግሪክኛ ግጥም ነገሩን ያስረዳል ተብሎ የተጻፈ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሊቃውንቱ ስለዚያ አንበሳ እስከ ዛሬ እየተከራከሩ ነው። እኔን የገረመኝ ድንጋዩን ያቆመው ሰው ነው። ዶምሳሎስ ይባላል፤ የሲዶና ሰው ነው። በዚያ ዘመን አሽቀሎን በጢሮስ ሥር የነበረች የወደብ ከተማ ናት፤ ጢሮስና ሲዶና ደግሞ የቆዩ ተቀናቃኞች ናቸው። አገር ቤት ቢሆን የአሽቀሎኑና የሲዶናው ሰው የየራሳቸውን ከተማ ይዘው ይፎካከሩ ይሆናል። አቴንስ ላይ ግን ሁለቱም ያው «ፊንቃውያን» ናቸው። እኛስ? ጎንደር እና ትግራይ፣ አማርኛ ተናጋሪና ትግርኛ ተናጋሪ እየተባልን መጥተን እዚህ ስንደርስ አንድ ላይ «ኤትዮፒም» ሆነን የለም እንዴ? የዶምሳሎስ ስም በግሪክኛ አልተለወጠም። እንዳለ በግሪክ ፊደል ተጽፏል።

ታዲያ ይህ ሼም አቴንስ ምን ያደርግ ነበር? መርከቡ ስለተሳለ ነጋዴ ወይም መርከበኛ ሳይሆን አይቀርም። የአቴንስ መሬት ለሕዝቧ የሚበቃ እህል አያበቅልም፤ እህል በመርከብ ይመጣላታል። የአቴንስ ሸክላ በእኛው ባሕር ዳርቻ ይሸጣል። ጉጉት የተቀረጸበት የብር ገንዘቧ ከመታወቁ የተነሳ ጋዛ፣ አሽዶድና አሽቀሎን ላይ አስመስለው ይሠሩት ነበር። አቴንስን ለማየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ አሽቀሎናዊ፣ ጉጉቷን ቀድሞ በኪሱ ያውቃታል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሁላችንም ትምህርት ቤት «ዴሞክራሲ ከግሪክ መጣ» ተብለን ተምረናል። ቃሉም የእነሱ ነው፦ ዴሞስ ሕዝብ፣ ክራቶስ ሥልጣን። ከተማቸውን ደግሞ ፖሊስ ይሉታል። (ፖሊስ ስል የምታውቁትን ፖሊስ አይደለም፤ በዘር ሐረግ ግን ዘመዳሞች ናቸው።) ጥያቄው ሕዝብ ማን ነው የሚለው ነው። ከዘመናችን በፊት በ451 አካባቢ ፔሪክሊስ አንድ ሕግ አስወሰነ፦ አባቱም እናቱም አቴናውያን ያልሆኑ ሰው ዜጋ አይሆንም። ይህ የሆነው አቴንስ ዴሞክራሲዋን እያጠበበች ሳይሆን እያሰፋች በነበረችበት ጊዜ ነው፤ ድሃው ዜጋ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ አበል እንዲያገኝ የተደረገው በዚያው በፔሪክሊስ ዘመን ነው። ድርሻው ሲጥም በሩ ጠበበ። እኔ ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው።

ከበሩ ውጭ ሴቶቹ፣ ባሮቹ እና ሜቶይኮስ የሚባሉት አሉ። ሜቶይኮስ ማለት ቤቱን ለውጦ መጥቶ አብሮ የሚኖር ሰው ነው። በአማርኛ አንድ ቃል ፈልጉ ብትሉኝ «መጤ» እላለሁ፤ እሾኩም ጭምር ስላለበት። መጤው አቴንስ ውስጥ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ልጅ ይወልዳል። ልጁም መጤ ነው። የልጅ ልጁም። በዓመት 12 ድራክማ የራስ ግብር ይከፍላል፤ ለአንድ ባለሙያ ይህ ወደ 12 የሥራ ቀን ደመወዝ ነው። ካልከፈለ በባርነት ሊሸጥ ይችላል። ዋስ የሚሆነው አንድ ዜጋ ያስፈልገዋል። በልዩ ፈቃድ ካልሆነ መሬትም ቤትም መግዛት አይችልም። ድምፅ የለውም።

ግን ይዘምታል።

ከዘመናችን በፊት በ431 ከስፓርታ ጋር ያ ረጅሙ ጦርነት ሲጀመር፣ አቴናውያን የጎረቤታቸውን የሜጋራን አገር ወረሩ። ጦርነቱን የጻፈው ቱኪዲደስ ቁጥሩን አስቀምጦልናል፦ ቢያንስ 10,000 አቴናውያን ከባድ መሣሪያ የታጠቁ እግረኞች፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ቢያንስ 3,000 መጤዎች። በዚያ ጦር ውስጥ በግምት ከአራት ወታደር አንዱ ስለ ዘመቻው ድምፅ መስጠት የማይችል ሰው ነበር ማለት ነው። ጋሻውንና ጦሩን የሚገዛው ደግሞ በራሱ ገንዘብ ነው።

ለድሃው አቴናዊ ዜጋ ጦርነት ድምፅ አምጥቶለታል። በ480 ሳላሚስ ላይ ፋርሶችን ያሸነፉት መርከቦች እያንዳንዳቸው 170 ቀዛፊ ይፈልጉ ነበር፤ ቀዛፊው ደግሞ ጋሻ መግዣ የሌለው ድሃ ነው። ዴሞክራሲን የማይወድ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ አቴናዊ ጸሐፊ እንኳ፣ ከተማዋን ያበረቷት መርከቧን የሚያንቀሳቅሱት ስለሆኑ ድሆቹ ከባለጸጎቹ የበለጠ ቢያገኙ አግባብ ነው ይላል። ይኸው ጸሐፊ ከተማዋ ለብዙው የእጅ ሙያ እና ለባሕር ኃይሏ መጤዎችንም እንደምትፈልግ ይናገራል። መፈለጉን ይናገራል እንጂ፣ ለእነሱም ድርሻ ይገባል ወደሚለው አይደርስም። ያው መቅዘፊያ ለአንዱ ድምፅ ሆነ፣ ለሌላው መቅዘፊያ ሆኖ ቀረ።

ሕጉን ያወጣው ፔሪክሊስም ቀመሰው። አብራው የምትኖረው አስፓሲያ የሚሊጢን ሰው፣ መጤ ናት። ከሷ የወለደው ልጅ በራሱ ሕግ ዜጋ አልነበረም። ሁለቱ ሕጋዊ ልጆቹ በወረርሽኙ ሲሞቱበት፣ ሕዝቡን ለምኖ ያንን ልጅ አስመዘገበ። ልጁ አድጎ ጄኔራል ሆነ፤ በ406 አርጊኑሳይ ላይ በባሕር ከተዋጉት አንዱ ነው። አቴናውያን አሸነፉ፤ ግን ማዕበል ስለተነሳ ባሕር ላይ የቀሩትን አላነሳችሁም ተብለው ጄኔራሎቹ በአንድ ድምፅ መስጫ በጅምላ ተፈረደባቸው፤ ስድስቱ ተገደሉ። ትንሹ ፔሪክሊስ አንዱ ነበር። ዜግነት በልመና አገኘ፣ ዜጎቹ ደግሞ ገደሉት።

ከሁሉም በላይ ግን እናንተ እንድታውቁት የምፈልገው ሊሲያስን ነው። ሊሲያስ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ እንደ እኛ። አባቱ ኬፋሎስ የሲራኩስ ሰው ነው፤ ፔሪክሊስ ራሱ ና ብሎት ወደ አቴንስ መጣ። 30 ዓመት ኖረ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ ፍርድ ቤት አልቆመም ይላል ልጁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የሳቅኩት አባቴን ስላስታወሰኝ ነው፦ «ከማንም ሳንጣላ ኖርን» ማለት ለወላጆቻችን ትልቁ ኩራት አይደል? ቤተሰቡ የጋሻ ፋብሪካ ነበረው፤ 120 ባሮችም ነበሯቸው። መጤ ሁሉ ድሃና ንጹሕ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ።

በ404 አቴንስ በስፓርታ ተሸነፈች። ዴሞክራሲው ፈርሶ ሠላሳ ሰዎች ሥልጣን ያዙ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1,500 ሰው ገደሉ። ገንዘብ ሲያጥራቸው ዓይናቸው መጤዎቹ ላይ አረፈ። ሊሲያስ እንደሚተርከው አሥር ሰው ለመያዝ ወሰኑ፤ ከአሥሩ ሁለቱ ግን ድሆች እንዲሆኑ አደረጉ። ለምን? «ለገንዘብ ብለን አይደለም» ለማለት። እሱ ቤት እንግዶች ጋብዞ ሳለ መጡ። አንዱን አንድ ታላንት ብር ልስጥህና ልቀቀኝ አለው፤ ሰውየው ማለለት፤ ሣጥኑ ሲከፈት ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ ወሰደ። ሊሲያስ በጓሮ በር አምልጦ በመርከብ ወደ ሜጋራ ሸሸ። ወንድሙን ፖሌማርኮስን ግን መንገድ ላይ ያዙት፤ በምን እንደተከሰሰ እንኳ ሳይነገረው መርዝ አጠጡት። ከሚስቱ ጆሮ የወርቅ ጉትቻዋን ነቅለው ወሰዱ።

በስደት ያሉት ዴሞክራቶች በትራሲቡሎስ መሪነት ሲነሱ፣ ሊሲያስ 200 ጋሻና 2,000 ድራክማ ሰጠ፤ 300 ቅጥር ወታደርም አስመጣ። ከነሱ ጋር ብዙ መጤዎች ተዋጉ። በ403 ዴሞክራሲው ተመለሰ። ትራሲቡሎስ አብረውን ለተዋጉት ዜግነት ይሰጣቸው ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሊሲያስም ዜጋ ሊሆን ሆነ። ወዲያው አርኪኖስ የሚባል ሌላ ዴሞክራት፣ አስተውሉ፣ ይህም ሰው ከስደት አብሮ የተዋጋ ነው፣ «ሐሳቡ አስቀድሞ በምክር ቤቱ አላለፈም» ብሎ በሕግ ተከራከረና አስሰረዘው። አሠራሩ አልተሟላም፣ ቅጹ አልተሞላም፣ ነገ ተመለስ። በዚያው ሰሞን የፔሪክሊስ የዜግነት ሕግ እንደገና ጸና።

ሊሲያስ እስኪሞት መጤ ሆኖ ኖረ፤ ያገኘው የግብር እኩልነት ብቻ ነው። ኑሮውም አቴናውያን በፍርድ ቤት የሚናገሩትን ንግግር እየጻፈ በመሸጥ ሆነ። ያ የመጤ ልጅ የጻፈው ግሪክኛ ለጥሩ አቴናዊ አነጋገር ምሳሌ ሆኖ እስከ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይማሩበታል። እኔም የተማርኩት በእሱ ነው። ከእሱ ያነሰ ገንዘብ የነበራቸው ተዋጊዎች ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የሆነ መብት ተሰጣቸው፤ ስማቸው ከነሙያቸው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፦ ገበሬ፣ ወጥ ሠሪ፣ አናጢ፣ በቅሎ ነጂ፣ አትክልተኛ። ሹካችን ውስጥ የሚገኙትን ሰዎች ዓይነት ነው።

ይህን ለአባቴ ስነግረው ብዙም አልተደነቀም። «ርስት የሌለው ሰው እኮ እንዲያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ለአንድ ሰሚስተር የተማርኩትን እሱ ከቤቱ ያውቀዋል። በ15ኛው መቶ ዘመን ከንጉሥ ይስሐቅ ጋር በተደረገው ጦርነት ቤተ እስራኤል ተሸንፈው ብዙዎቹ ርስታቸውን አጡ ይላል ትውፊቱ። እኛን ለመስደብ ይጠሩበት የነበረውን ቃል ከ«ፈለሰ» ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ አገሩን ትቶ የተሰደደ፣ መሬት የሌለው። ከሜቶይኮስ ጋር ያለውን ዝምድና ራሳችሁ ፍረዱ። መሬት የሌለው እጁን ያሠለጥናል። አቴንስ ላይ መጤው ጋሻ ሠሪ፣ ነጋዴ፣ አናጢ ሆነ፤ ጎንደር ላይ ወገኖቻችን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛ ሆኑ። በሁለቱም አገር ሙያው ይፈለጋል፣ ባለሙያው ይናቃል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግን ለነገሥታቱ የገነቡና የዘመቱ ጥቂቶች ማዕረግና መሬት አግኝተዋል፤ ለሊሲያስ የተከለከለውን ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር መጠንቀቅ አለብኝ። ይህን ርእስ ከጓደኞቼ ጋር ሳነሳ ሁልጊዜ አንዱ «ታዲያ እኛም እዚህ ሜቶይኮስ ነን» ይላል። ጻባ እንሄዳለን፣ ሚሉኢም እንጠራለን፣ ከዚያ ሲቪል ስንሆን በር ላይ እንፈተሻለን። ንዴቱ ይገባኛል፤ እኔንም አስቁመውኛል። ግን እንደ ታሪክ ተማሪ አይሆንም እላለሁ። እኛ እናትና አባቶቻችን ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ በሕግ ዜጋ ሆነዋል፤ እንመርጣለን፣ እንመረጣለን፣ ኬኔሴት ገብተናል። አቴንስ ላይ በአራተኛው መቶ ዘመን ለአንድ ባዕድ ዜግነት ለመስጠት 6,000 ሰው የተገኘበት ስውር ድምፅ ያስፈልግ ነበር። የእኛ ችግር ከዜጎች መካከል አንዱ ከሌላው ያነሰ ሲታይ ነው፤ ሌላ ስም ይፈልጋል። በዚህ አገር ሜቶይኮስን ማየት የሚፈልግ በሞሻቮቹ ማሳ ላይ የሚሠሩትን ታይላንዳውያን ይይ፤ ትግርኛ የሚናገሩትን፣ ፊታቸው ፊታችንን የሚመስለውን ኤርትራውያን ጥገኝነት ጠያቂዎች ይይ። ልጆቻቸው እዚህ ተወልደዋል፣ ዕብራይስጣቸው ከእኔ ይሻላል። እነሱን አይቶ «እኛ ግን እንለያለን» ያለ ሰው በልቡ ትንሽ አርኪኖስ አለው። እኔም ብያለሁ።

ወደ ሼም ልመለስና፣ እሱ አቴንስ በነበረበት ዘመን አካባቢ፣ በ322፣ የአቴንስ ዴሞክራሲ በመቄዶንያ ጦር ተሸነፈ። ያሸነፈው ጄኔራል ስሙ አንቲጳጥሮስ ነው፤ ቀደም ብዬ ያልኳችሁ ኃያል። ንብረቱ ከ2,000 ድራክማ በታች የሆነ ሁሉ ድምፅ እንዳይኖረው አደረገ። በሺዎች የሚቆጠሩ አቴናውያን፣ አያቶቻቸው ሳላሚስ ላይ የቀዘፉ ድሆች፣ በገዛ አገራቸው ከፖለቲካው ውጭ ሆኑ። ሼም ስሙን ከዚያ ሰው ወሰደ ማለቴ አይደለም፤ ግን ያንን ስም በአቴንስ መንገድ ላይ መጠራት ቀላል አልነበረም መሰለኝ።

የአሽቀሎን ሰዎችም በተራቸው ፖሊስ ሆኑ። ከታላቁ እስክንድር በኋላ ከተማዋ ቀስ በቀስ ግሪካዊ ሆነች፤ በ104 አካባቢ ነጻነቷን አግኝታ ዓመቷን ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ሐሽሞናውያን በዙሪያዋ ያለውን ሲይዙ እሷን አልያዙም። ልጇ አንቲዮኮስ አቴንስ ሄዶ የፕላቶን ፍልስፍና የሚያስተምር ታላቅ ሊቅ ሆነ፤ በ79 ሮማዊው ኪኬሮ ስድስት ወር ተቀምጦ ተማረው። ወንድሙ አሪስቶስ ደግሞ በኋላ ቄሣርን ከገደሉት አንዱን፣ ብሩቱስን አስተማረ። አቴንስ ላይ መጤ የነበሩት አሽቀሎናውያን አሁን በአቴንስ አስተማሪ፣ በቤታቸው ባለቤት ናቸው።

በቤታቸው ደግሞ መጤ ነበራቸው፤ አይሁድ። በ66 ዓ.ም. አመፁ ሲነሳና ቂሳርያ ላይ አይሁድ ሲታረዱ፣ የአይሁድ ተዋጊዎች ለበቀል የግሪክ ከተሞችን ማጥቃት ጀመሩ፤ አሽቀሎንንም አቃጠሉ ይላል ዮሴፍ ቤን ማቲትያሁ። ከዚያ የአሽቀሎን ሰዎች በከተማቸው ውስጥ ባሉት አይሁድ ላይ ተነሱ። አብረዋቸው በሚኖሩት ላይ ማለት ነው፤ በጎረቤቶቻቸው፣ በዚያው ገበያ በሚገዙትና በሚሸጡት። ዮሴፍ የተገደሉት 2,500 ናቸው ብሏል። ቁጥሩን እንጂ ስማቸውን አልጻፈልንም፤ በአንዱም ቋንቋ።